ገበያ ያልወጣ የባንክ አክሲዮን ከሰው እጅ ስገዛ

ደላላ «አክሲዮን አለ» ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ተፈርሞ ስንት እንደተከፈለና ሻጩ የት እንዳለ ነው። ዋጋ በኋላ ይደርሳል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ላይ ሥራ ጀምሮ ወጋገን ባንክ በመጀመሪያነት ቢመዘገብም፣ በርካታ የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን አሁንም የሚዘዋወረው ከሰው ወደ ሰው ነው። በምሥረታ ላይ ካለ ድርጅት የመግዛት መንገድም አለ። እኔ ግን ብዙም አልሄድበትም፤ ትርፍ ለማየት ዓመታት ይፈጃል፣ ምሥረታው ካልተሳካ ደግሞ በዝግ ሂሳብ የተቀመጠው ገንዘብ ቢመለስ እንኳ የአገልግሎት ክፍያው ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ማንኛውም ድርጅት በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተመዘገበ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ስለ ድርጅቱና ስለሚሸጠው አክሲዮን ለገዢ የሚያስረዳ ሰነድ) ሊኖረው ይገባል። ያንን ማሳየት ካልቻለ ንግግሩ እዚያው ያበቃል።

ከሰው እጅ ወደመግዛቱ ልመለስ። አንድ ሰው እያንዳንዱ 1,000 ብር የሆነ 200 አክሲዮን ለመግዛት ፈርሞ የከፈለው 50,000 ብር ብቻ ሊሆን ይችላል። «200 አክሲዮን ሸጥኩልህ» ሲል ቀሪውን የ150,000 ብር ግዴታ ጭምር እያስተላለፈ ነው። ቀነ ገደቡ ካለፈ ባንኩ ያልተከፈለበትን በጨረታ ሊሸጠው ይችላል። የትርፍ ድርሻም የሚታሰበው በተከፈለው ልክ፣ ያውም ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሻጩ ከባንኩ የአክሲዮን ክፍል ደብዳቤ እንዲያመጣ አደርጋለሁ፤ የተፈረመው፣ የተከፈለው፣ የሰርተፍኬቶቹ ቁጥር፣ ዕዳና እገዳ እንዳለና እንደሌለ የሚገልጽ። የሰርተፍኬት ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ባለአክሲዮን የሚያደርገው ወረቀቱ ሳይሆን የባንኩ የአክሲዮን መዝገብ ላይ መስፈር ነው። በመያዣ የተያዘ አክሲዮን ሰርተፍኬቱ ላይ ምንም ላይታይበት ይችላል።

ዋጋውን የማወጣው ከዓመታዊ ሪፖርቱ ነው። ምሳሌ ልስጥ። የተከፈለ ካፒታሉ 4 ቢሊዮን ብር የሆነ ባንክ በ1,000 ብር ሲመነዘር 4 ሚሊዮን አክሲዮን አለው። መጠባበቂያውና ያልተከፋፈለው ትርፍ ተደምሮ 1.5 ቢሊዮን ከሆነ፣ ከካፒታሉ ጋር ተደምሮ ለ4 ሚሊዮን ሲካፈል የአንዱ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋ 1,375 ብር ነው። የተጣራ ትርፉ 1.2 ቢሊዮን ቢሆን ሪፖርቱ «በአክሲዮን 300 ብር ተገኘ» ይላል። ደላላውም የሚያነበንበው ይህንኑ 300 ብር ነው። ከዚያ ላይ ግን ባንክ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እስኪስተካከል 25 በመቶ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ያነሳል፤ 225 ይቀራል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ያስቀመጠው የትርፍ ድርሻ ግብር 10 በመቶ ነበርና በዚያ ሂሳብ እጅ የሚገባው 202 ብር ከ50 ነው። (አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ሲሰላ የወቅቱን መጠን መያዝ ይገባል።) አንዱ አክሲዮን በ1,800 ብር ከተገዛ 11.25 በመቶ መሆኑ ነው፤ ያውም የባለአክሲዮኖች ጉባኤው ሁሉንም ላከፋፍል ካለ።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ካፒታል ማሳደጉን ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገው ወዲህ አዲስ አክሲዮን ያላወጣ ባንክ ማግኘት ይከብዳል። ከላይ ያለው ባንክ 1 ሚሊዮን አክሲዮን ጨምሮ ትርፉ ባለበት ቢቆም፣ ከመጠባበቂያው በኋላ የሚቀረው 900 ሚሊዮን ለ5 ሚሊዮን አክሲዮን ይካፈላል፦ 180 ብር፣ ከግብር በኋላ 162፣ ማለትም በ1,800 ብር ላይ 9 በመቶ። የጉባኤ ውሳኔውን ሳላይ የዋጋ ድርድር አልጀምርም።

ሻጩ ውጭ አገር ካለ ዜግነቱን እጠይቃለሁ፤ ነገሩ ለይሉኝታ አይመችም፣ ግን ግድ ነው። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን እንዳይይዙ ተከልክለው፣ በ2009 ገደማ ድርሻቸው በጨረታ ሲሸጥ አክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በላይ የተገኘው ገንዘብ ወደ መንግሥት ገብቷል። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1159 በሩን ከፈተላቸው። በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ፓስፖርት እንደተያዘ ያልጠራ አክሲዮን የአክሲዮን ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሊቆም ይችላል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነም ውክልናው «አክሲዮን የመሸጥና የማዛወር» ሥልጣን በግልጽ ይስጥ፤ ኤምባሲ የተሰጠው ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። አጠቃላይ ውክልና ይዞ የመጣን ሰው እመልሰዋለሁ።

ውሉን ከማርቀቄ በፊት የባንኩን መተዳደሪያ ደንብ አነባለሁ። አንዳንዱ ለነባር ባለአክሲዮኖች ቅድሚያ የመግዛት መብት ይሰጣል፤ ያ ካልተጠበቀ ዝውውሩ አይመዘገብም። ያገባ ሻጭ ባለቤቱ መጥታ ትፈርማለች፣ ያላገባም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። የትዳር ጓደኛ ሳያውቅ የተሸጠ የጋራ ንብረት በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላልና።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር አልተውም። አንደኛው የትርፍ ድርሻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ጉባኤ ግን ብዙውን ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። መስከረም ላይ የገዛ ሰው ያለፈውን ዓመት ትርፍ ይወስዳል ወይስ ሻጩ? ዝም ከተባለ ጠብ ነው። «ከሐምሌ 1 … ዓ.ም. በፊት ላለው ጊዜ የሚታወጅ ትርፍ የሻጩ ነው» ወይም «የገዢው ነው» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ይፈጃል፤ በምሳሌያችን 200 አክሲዮን ላይ ግን ከ40,000 ብር በላይ ነው። ጉባኤ ሲቃረብ ዝውውር ለጊዜው የሚያቆሙ ባንኮችም ስላሉ ቀኑን አስቀድሜ አጣራለሁ።

ሁለተኛው እውነተኛው ዋጋ ነው። ሻጭ ግብር ለመሸሽ «በ1,000 ብር እንጻፈው» ይላል። ከ2017ቱ ማሻሻያ በፊት በነበረው የአዋጅ 979 ሂሳብ ከአክሲዮን ሽያጭ ትርፍ 30 በመቶ ይከፈል ነበር፤ ምሳሌውን በዚያው ልውሰድ። በ1,800 ገዝቼ 1,000 ካስጻፍኩ፣ ነገ በ2,000 ስሸጥ ትርፌ 200 ሳይሆን 1,000 ተብሎ፣ 60 ብር የሚሆነው ግብር 300 ይሆናል። የሱን ግብር እኔ ከፈልኩ ማለት ነው። ውሉ ቢፈርስም በፍርድ ቤት የማስመልሰው የተጻፈውን ነው።

ክፍያውን በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ትእዛዝ) አዘጋጅቼ ውልና ማስረጃ ስንፈራረም አሳያለሁ፤ የማስረክበው ግን በአክሲዮን ክፍሉ ዝውውሩ ሲመዘገብ ነው። ሻጭ ይህን አልቀበልም ካለ፣ ከፊሉን በፊርማ ጊዜ ከፊሉን ሲመዘገብ መክፈልን በውሉ አሰፍራለሁ። የግብር ማጽጃውን (ግብሩ መከፈሉን የሚያሳየውን ወረቀት) የሚያመጣው ሻጩ ነው፤ ያለሱ መዝጋቢው ስም እንዳያዛውር ሕጉ ያስገድደዋል። ገንዘቡን ጨርሶ የተቀበለ ሻጭ ግን ለማጽጃው ግብር ቢሮ አይመላለስም።

ስሙ ከዞረ በኋላ አዲሱን ሰርተፍኬት፣ የትርፍ ድርሻ የሚገባበትን የሂሳብ ቁጥርና ስልኬን አስመዘግባለሁ። የሻጩ ስልክ መዝገቡ ላይ ከቀረ፣ ባንኩ ለነባር ባለአክሲዮኖች አዲስ አክሲዮን ሲደለድል ጥሪው የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፤ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ድርሻው ለሌሎች ይከፋፈላል።