ሪሚኒ ባህር ዳርቻ ላይ ናት፣ አየሩ ግን ሁሌ የባህር አየር አይደለም

ጣሊያን አገር፣ ሪሚኒ ነው የምኖረው ስል ሰው ሁሉ "ታድለሽ፣ የባህር አየር!" ይለኛል። ሰመር ላይ ለእረፍት መጥቶ የሄደ ሰው እንደዛ ቢል አልፈርድበትም። ግን ኦክቶበር አልፎ ብርዱ ሲገባ ነገሩ ይቀየራል፣ ባህሩ እዛው ፊት ለፊታችን እያለ ጉሮሮ የሚከረክር አየር ነው የምንስበው። የምንከባከባቸው ሲኞራ የቆየ ብሮንካይተስ ስላለባቸው እኔም ይሄን ነገር እየተከታተልኩ ነው የምኖረው፣ እዚህ አገር አዛውንት የምትይዙ ብዙ ስላላችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሪሚኒ ያለችው የፖ ሜዳ ጫፍ ላይ ነው። ሜዳውን በሰሜንና በምዕራብ አልፕስ፣ በደቡብ አፔኒን ተራሮች ከበውታል፣ ክፍት የሆነው በአድሪያቲክ በኩል ብቻ ነው። ታዲያ ብርድ ላይ ነፋስ ይጠፋል፣ መሬት አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ ከላይ ያለው ሞቅ ይላል፣ ሞቃቱ እንደ ድስት ክዳን ይገጠምበትና የመኪናው ጭስ፣ የቤት ማሞቂያው፣ የስቱፋው (እንጨት ወይም ፔሌት የሚሉት የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚነድበት ምድጃ) ጭስ ሁሉ ታች እኛ ጋ ይቀራል። እኔን በጣም የገረመኝ ደሞ የእርባታው ነገር ነው፣ ከከብትና ከአሳማ እበት፣ ከእርሻ ማዳበሪያም የሚወጣው አሞኒያ አየር ላይ ከመኪና ጭስ ጋር ይዋሃድና ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። ማለቴ ብናኙ ከጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ እዛው አየር ላይም ይፈጠራል።

በኮሮና ጊዜ ይሄ በደንብ ታይቷል። ማርች 2020 መኪናው ሁሉ ሲቆም ከመኪና ጭስ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚሉት ጋዝ በጣም ወረደ፣ ብናኙ ግን ያን ያህል አልወረደም፣ ሰው ቤቱ ስለተቀመጠ ማሞቂያ አልቆመም፣ እርሻም አልቆመም። በዛ ላይ በወሩ መጨረሻ ከካስፒያን ባህር አካባቢ ነፋስ ያመጣው አቧራ መንገዱ ባዶ ሆኖ እያለ ቁጥሩን ሰቀለው።

ህጉ ፒኤም10 የሚባለው ብናኝ በቀን ከ50 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር እንዳያልፍ ይላል፣ ካለፈም በዓመት ከ35 ቀን መብለጥ የለበትም። ጣሊያን ይሄን ለዓመታት ስለጣሰች ኖቬምበር 2020 የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ፈርዶባታል። ከ2030 ጀምሮ ደሞ ወደ 45 ማይክሮግራምና ወደ 18 ቀን ይወርዳል፣ እኔ በበኩሌ እንዲያውም ዘግይቷል ባይ ነኝ። የክልላችን የኤሚሊያ ሮማኛ አካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት አርፓኤ በብርዱ ወራት ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ የአየሩን ሁኔታ በቀለም የሚያሳይ ቡለቲን ያወጣል። ቀይ ከሆነ የቆዩ ናፍጣ መኪኖች ይታገዳሉ፣ ብዙ ጭስ የሚያወጡ የእንጨት ስቱፋዎችም ይከለከላሉ፣ ቤት ማሞቂያም ከ19 ዲግሪ በላይ አይፈቀድም። በስልካችሁ እዩት እባካችሁ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰዓቱ ነው። ብርድ ላይ ጠዋት በጊዜና ማታ አየሩ የታፈነ ነው፣ ቀትር አካባቢ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ይደባለቅና ይሻላል፣ ስለዚህ ሲኞራን ለእግር ጉዞ የማወጣቸውም መስኮት የምከፍተውም ያኔ ነው። ቦራ የሚሉት የሰሜን ምስራቅ ነፋስ ከመጣማ ቢበርድም አየሩን ጥርግ አድርጎ ነው የሚሄደው። ሰመር ላይ ግን ሁሉም ይገለበጣል፣ ያኔ ችግሩ ኦዞን የሚሉት ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ነው፣ ኦዞን ደሞ በፀሐይ የሚሰራ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነው የሚያይለው። 180 ማይክሮግራም ሲደርስ ህዝብ እንዲያውቅ ይደረጋል፣ 240 የአደጋ ደረጃ ነው። ዛፍ ያለበት ፓርክና ኮረብታው ላይ ደሞ ኦዞኑ ከመኪና መንገድ ዳር ሊበልጥ ይችላል፣ መንገድ ዳር የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞኑን ስለሚያጠፋው። ስለዚህ ሰመር ላይ አዛውንት ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ በጠዋት ውጡ።

ማርች 18 ማታ፣ የቅዱስ ዮሴፍ ዋዜማ፣ ባህሩ ዳር ፎገራቻ የሚሉትን ትልቅ እሳት ያነዳሉ። ሳየው ህዳር 12 ትዝ ይለኛል፣ በ1911 ዓ.ም የህዳር በሽታ ከገባ ወዲህ አዲስ አበባ ቆሻሻ ሰብስባ የምታጥንበት ቀን። ሁለቱንም ባህል እወዳቸዋለሁ፣ ግን ደረቱ የሚያመው ሰው ያለበት ቤት የዛን ማታ መስኮቱን ይዝጋ።

ቤት ውስጥ ስላለው አየርም ልጨምር፣ ምክንያቱም ብርድ ሲሆን ሁሉን ዘግተን ቡናውን በከሰል አፍልተን እጣኑን እናጨስበታለን፣ ያ ጭስም ብናኝ ነው። ከሰሉ ደሞ ከዛ የባሰ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፣ እጣኑን ቀትር ላይ መስኮት ከፍታችሁ ትንሽ ብቻ አጭሱ፣ የሚያስለው ሰው ካለ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ።