ቫይረስ አልነበረም፣ ፎቶ ነበር

ተማሪ እያለሁ የክፍላችን ኮምፒውተር ላይ አንድ ቀልድ ሠርቼ ነበር። ይሄን የምጽፈው ያኔ ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

አሠራሩ የ2 ደቂቃ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 7 ነበር። የስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳውን ፕሪንት ስክሪን ተጫንኩ፣ ፔይንት ላይ ለጥፌ ሴቭ አደረግኩ፣ ምስሉን የዴስክቶፑ ጀርባ አደረግኩት። ከዚያ ራይት ክሊክ፣ ቪው፣ ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ የሚለውን ምልክት አነሳሁ። በቃ። አይከኖቹ ያሉ ይመስላሉ፣ ቢጫኗቸው ግን አይከፈቱም።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መምህራችን ክሊክ አደረጉ፣ ደገሙ፣ ማውስ ቀየሩ፣ ሪስታርት አደረጉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳቄን አፍኛለሁ። ያኔ እጄን አውጥቼ "እኔ ነኝ" ብል በአንድ ቁጣ ያልቅ ነበር። "ትንሽ ልሳቅ" አልኩ፣ ጅል! ቴክኒሻን ተጠራ። ትንሽ ነካካና "ቫይረስ ነው" ብሎ ፈረደ። አንዲት ራይት ክሊክ አላደረገም እኮ! እኔ አፌን ሳልከፍት ይዞት ሄዶ ፎርማት አደረገው። እኔ አይከን ደበቅኩ እንጂ አንድም ፋይል አልነካሁም፤ ፋይሎቹን ያጠፋው እሱ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ደግሞ የአንዲት የክፍላችን ልጅ የ14 ገጽ ጥናት ነበር።

ይሄን ስሰማ ሮጬ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁና ተናዘዝኩ። እውነቱን የተናገረ አይቀጣም ሲባል ነው ያደግኩት። እሳቸው ግን "ኮምፒውተሩን በቫይረስ አጥቅቻለሁ" የሚል ወረቀት ጽፈው ፊቴ አስቀመጡ።

"ቲቸር፣ ቫይረስ አይደለም፣ ፎቶ ነው።"

"ፎቶ ኮምፒውተር ያበላሻል? ፈርም!"

ፈረምኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የ3 ቀን እገዳውና ወላጅ አምጣው ያልፋል፣ ፊርማዬ ግን ፋይሌ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ "ተናዘዙ" የሚሏችሁን ብቻ አትስሙ። መጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሠርታችሁ፣ መልሳችሁ አስተካክላችሁ በዓይናቸው አሳዩዋቸው። ወረቀቱን ደግሞ በራሳችሁ እጅ ጻፉ፤ ሰው የጻፈላችሁን አትፈርሙ፣ ቢቆጧችሁም።

ልጅቷ ደግነቱ ረቂቁ በእጅ ጽሑፍ ነበራት። 14ቱንም ገጽ መልሼ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሁለት ጣት። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ፊደል በሳትኩ ቁጥር ትቆነጥጠኛለች። ቴክኒሻኑ በበሩ ሲያልፍ አየንና "ፍላሽ እንዳትሰኩ፣ ቫይረስ አለ" ብሎን ሄደ።