የአንዲት ሐኪም ምርምር በቁጥር ሲለካ

ባለፈው ዓመት አንዲት ባልደረባዬ የማዕረግ ዕድገት ማመልከቻዋን እንዳሰናዳላት ጠየቀችኝና ሦስት ሳምንት ያህል ሥራዎቿን ስሰበስብ ሰነበትሁ። ሐኪም ናት፤ በሳንባ ነቀርሳ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ተመራምራለች። ቅጹ የጠየቀው ሦስት ነገር ነበር፦ ጽሑፎቿ በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ስንት ጊዜ ተጠቅሰዋል፣ ኤች-ኢንዴክሷ ስንት ነው፣ ከእነማን ጋር ሠርታለች። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ መስሎኝ ነበር።

የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች ብዛትንና የመጠቀሳቸውን መጠን በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን ኤች-ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው። አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት፣ ነገር ግን 11 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ 11 ጽሑፎች ከሌሉት፣ ቁጥሩ 10 ይሆናል። ስሌቱ ቀላል በመሆኑ ተወደደ፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ጽሑፎች ብቻ ያሉት ሰው ቁጥሩ ከ3 አይበልጥም።

ችግሩ የገጠመኝ ግን ከስሌቱ በፊት፣ ገና ስሟን ስፈልግ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከራሳችን ስም ቀጥሎ የአባታችን፣ ከዚያም የአያታችን ስም ይከተላል። የውጭ አገር መጽሔቶች ደግሞ መጨረሻ ላይ ያገኙትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይመዘግባሉ። ስለዚህ ባልደረባዬ የአያቷን ስም ጨምራ ባሳተመችበት መጽሔት በአያቷ ስም፣ ሳትጨምር ባሳተመችበት በአባቷ ስም ተመዝግባ አገኘኋት። በዚህ ላይ የላቲን ፊደል አጻጻፉ አንድ ወጥ አይደለም፤ በ«ፀ» የሚጀምር ስም አንዱ በቲና ኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል፤ «ወልደ» እና «ገብረ» ያለባቸው ስሞች አንዳንዴ ተያይዘው፣ አንዳንዴ ተነጣጥለው ይታተማሉ። በዚህ ሁሉ ምክንያት የእርሷ 23 ጽሑፎች ጽሑፎችንና ጥቅሶችን በሚመዘግበው የመረጃ ቋት ውስጥ ለሦስት «ሰዎች» ተከፋፍለው ነበር፦ ለአንዷ 11፣ ለሌላዋ 8፣ ለሦስተኛዋ 4። የመጀመሪያዋ ኤች-ኢንዴክስ 7፣ የሁለተኛዋ 5፣ የሦስተኛዋ 3 ይላል። ሁሉንም ወደ አንድ ሰው ስሰበስባቸው ቁጥሩ 10 ሆነ። ከእርሷ ጋር የሚወዳደር፣ ግን የቤተሰብ ስም ካለው አገር የመጣ ሐኪም ይህን ሦስት ሳምንት ማጥፋት አያስፈልገውም ነበር፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለው፣ ተመራማሪን በስሙ ሳይሆን በቁጥር የሚለይ ባለ 16 አኃዝ መለያ ለዚህ ችግር የተበጀ ነውና እስካሁን ያላወጣችሁ ተመራማሪዎች ዛሬውኑ አውጡ።

የስሙ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ደረሱበት። የመጀመሪያው ሪፖርታቸው በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት፣ የላቦራቶሪና የመስክ ግምገማቸው ደግሞ በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ወጣ። ሥራቸውን የጠቀሱ ጽሑፎችን የሚፈልግ ሰው አንድ ቦታ «ለማ»፣ ሌላ ቦታ «አክሊሉ» ብሎ መፈለግ ግድ ይለዋል። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ ግን ማንም አላምታታቸውም።

ወደ ትብብሩ ስመጣ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ባልደረባዬ በሲያትል ከሚገኘው የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በሚመራው፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚሳተፉበት የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት ውስጥ በሁለት ጽሑፎች ላይ ስሟ አለ። እነዚህ ሁለቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ያሏቸው ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው የመጠቀስ ቁጥሯ ከግማሽ በላይ የመጣው ከእነርሱ ነው። ተሳትፎዋ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ስሌቱ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ ሙሉውን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሆና ሌሊት ሳይቀር የደከመችበት ጽሑፍ ከእነዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ይመስላል። ስለዚህ ድምሩን ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፤ አንዴ ከእነርሱ ጋር፣ አንዴ ያለ እነርሱ። በሕክምና ጽሑፎች ልማድ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በዋናነት የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ ምርምሩን የመራው ሰው ስለሆነ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጸሐፊ የሆነችባቸውን ለይቼ አስቀመጥሁ።

ከዚያ ተባባሪ ጸሐፊዎቿን በወረቀት ላይ በነጥብና በመስመር አገናኘኋቸው። ማርክ ኒውማን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ሜድላይን በተባለው የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጸሐፊዎችን ተመልክተው፣ አብረው የጻፉ ሰዎችን አንድ እርምጃ ብለን ብንቆጥር፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ ከአምስት እርምጃ እንደማይበልጥ አሳይተዋል። የእኔ ሥዕል ትንሽ ነበር፤ ሆኖም ቅጹ ያልጠየቀውን ነገር አሳየኝ። በአንድ በኩል የላቦራቶሪ ሰዎች፣ በሌላ በኩል በጤና ጣቢያ ሕሙማንን የሚከታተሉ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚያልፉት መስመሮች ሁሉ በእርሷ በኩል ያልፋሉ። የተባባሪዎቿ ብዛት ብቻ ቢቆጠር ይህ አይታይም ነበር።

በመጨረሻ ከ23ቱ መካከል የትኛውን እናስቀድም ብዬ ጠየቅኋት። በአገር ውስጥ መጽሔት የወጣውን፣ መድኃኒት ያቋረጡ ሕሙማንን መልሶ ስለማግኘት የጻፈችውን መረጠች። የተጠቀሰው 4 ጊዜ ብቻ ነው። «ውጭ አገር የሚጠቅሰው የለም፤ ጤና ጣቢያው ግን ይሠራበታል» አለችኝ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ የሚሠሩበትን መንገድ በአንድ ገጽ ጽፈው ላኩልን፤ እርሱንም ከጽሑፉ ጋር አያይዤ የማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ አደረግሁት።