59 እና 47

ዛሬ የድሮ ደብተሮቼን ሳገላብጥ የእንግሊዝ ሻምፒዮንሺፕን (ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ያለውን ሊግ) ውጤት እመዘግብበት የነበረው እጄ ገባ። የእ.ኤ.አ. 2019/20 የውድድር ዘመን ነው። ሰንጠረዡን በእርሳስ ራሴ አስምሬ የሠራሁት ነው። ከዊጋን አትሌቲክ ስም ጎን ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ 59 እና 47። ከዚያ በኋላ ያሉትን ገጾች ማየት አልቻልኩም፤ እዚያው ላይ ቆየሁ።

ይህን ሊግ ለምን እንደምወደው ለማስረዳት ሁልጊዜ እቸገራለሁ። 24 ክለቦች እያንዳንዳቸው 46 ጨዋታ ያደርጋሉ። ሁለቱ በቀጥታ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያድጋሉ፣ ከእነሱ ቀጥለው የጨረሱት ለአንዲት ቀሪ ቦታ ይፋለማሉ፣ ሦስቱ ደግሞ ይወርዳሉ። በእኔ እይታ መሀል ሰንጠረዥ ላይ ተዝናንቶ የሚቀመጥ ቡድን የለም። በማርች ወር ለማደግ የሚያልም ክለብ በሜይ ላለመውረድ ሲታገል አይቻለሁ።

በዚያ ዓመት ሁሉም የሚያወራው ስለ ሊድስ ዩናይትድ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ከ16 ዓመት በኋላ በማርሴሎ ቢየልሳ እየተመሩ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሱ። ፓብሎ ኸርናንዴዝ በስዋንሲ ሜዳ መጨረሻው ላይ ያስቆጠራትን ጎል ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። ልቤ ግን ከሰንጠረዡ ታች፣ ከዊጋን ጋር ነበር።

ዊጋንን መከታተል የጀመርኩት በ2013 ነው። በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ቤን ዋትሰን በባከነ ሰዓት በጭንቅላቱ ባስቆጠራት ጎል ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸነፉ፤ ዋንጫውን ባነሱ በሦስተኛው ቀን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረዱ። ደስታና ሐዘን እንዲህ ተከታትሎ የደረሰበት ክለብ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የእነሱን ውጤት ሳላይ አድሬ አላውቅም።

2019/20ን በደካማ ሁኔታ ነበር የጀመሩት። ከአዲሱ ዓመት በኋላ ግን ተቀየሩ፤ ፌብሩዋሪ ላይ ሊድስን በገዛ ሜዳው 1 ለ 0 ረቱት። በማርች ወረርሽኙ ውድድሩን አቋረጠው። በጁን 20 ሲመለስ ስታዲየሙ ባዶ ነበር፤ የአሰልጣኞቹ ጩኸትና ኳሷ ስትመታ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ቀረ። ዊጋን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ማሸነፉን ቀጠለ።

ጁላይ 1 ቀን ዜናው መጣ። ባለቤቱ ከተቀየረ ገና ወር ሳይሞላው ክለቡ ዕዳውን መሸከም አቅቶት ዕዳ ያቃተውን ክለብ ለማዳን በሕግ በሚሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። የዚህ ቅጣቱ 12 ነጥብ መቀነስ ነው። አፈጻጸሙ ደግሞ ልብ ያቆስላል፦ ቡድኑ ሜዳ ላይ ባገኘው ነጥብ ከወራጅ ቀጠናው በላይ ከጨረሰ ቅጣቱ በዚያው ዓመት ይታሰብበታል፤ ሦስቱ ወራጆች ውስጥ ከጨረሰ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ነጥባቸው ሳይነካ ተቀምጧል፤ ተጫዋቾቹ ግን 12 ቀንሰው እያሰቡ መጫወት ነበረባቸው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዊጋን ስም ጎን ሁለት ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ።

ጁላይ 14 ቀን ሀል ሲቲን 8 ለ 0 አሸነፉ። ሰባቱ ጎሎች የገቡት በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። ኪራን ዳውል ሐትሪክ ሠራ። ብዙ የክለቡ ሠራተኞች ከሥራ በተሰናበቱበት ወር ነው ይህ የሆነው። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። አሁን ሳስበው፣ ማንም ሊወቅሳቸው በማይችልበት ጊዜ ተስፋ ቆርጠው ቢቀመጡ ኖሮ እኔ ራሴ እረዳቸው ነበር። እነሱ ግን አልተቀመጡም።

ጁላይ 22፣ የመጨረሻው ምሽት። ዊጋን ከፉልሃም፣ ባርንስሊ ከብሬንትፎርድ፣ ቻርልተን ከሊድስ፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት። ባርንስሊና ቻርልተንም እንደ ዊጋን ላለመውረድ የሚታገሉ ነበሩ። ኪፈር ሙር ለዊጋን አስቆጠረ፤ ተስፋዬ ለመለመ። ኒስከንስ ኬባኖ አቻ አደረገ። ቻርልተን በሊድስ 4 ለ 0 እየተመራ ነው። ብሬንትፎርድ ካሸነፈ በቀጥታ ያድጋል፤ ባርንስሊ ካሸነፈ ደግሞ ይተርፋል። በጭማሪው ደቂቃ የባርንስሊው ክላርክ ኦዱር አስቆጠረና 2 ለ 1 አለቀ። ለባርንስሊ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም።

ዊጋን 1 ለ 1 ጨረሰ። 59 ነጥብ፤ በሜዳ ላይ ቢሆን 13ኛ ደረጃ ነበር። 12 ሲቀነስ 47፤ 23ኛ። ያንን ጨዋታ ቢያሸንፉ 49 ሆነው ከባርንስሊ ጋር እኩል ይሆኑና በጎል ክፍያ ይተርፉ ነበር። አንዲት ጎል። ሒሳቡን በዚያ ሌሊት ደጋግሜ ሠራሁት፤ የማይለወጥ መሆኑን እያወቅኩ።

47ን ያኔ የጻፍኩት በእርሳስ ነበር፤ ክለቡ በቅጣቱ ላይ ይግባኝ ስለጠየቀ ምናልባት እፍቀው ይሆናል ብዬ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ይግባኙ ውድቅ ሲሆን በእስክሪብቶ ደገምኩበት። 59ኙ ከላዩ በእርሳስ እንደተጻፈ አለ። ትንሽ ደብዝዟል፤ ይነበባል።