ቁመትህን ተወው፣ እጅህን አንሳ

ሰፈር ሜዳ ላይ ባስኬት የሚጫወት ሰው ስለ ቁመቱና ስለ ዝላዩ የሚነግራችሁን ሁሉ አትመኑ። እኔንም ጨምሮ። ቁመቱን የሚናገረው ጫማው ላይ ቆሞ ነው፣ "ሪንግ እነካለሁ" የሚለው ደግሞ የትኛውን ሪንግ (ኳሷ የምትገባበትን የብረት ቀለበት) እንደሆነ አይናገርም። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የምንጫወት ልጆች ክርክሩ ሲሰለቸን ሁላችንም በሜትር እንለካ ተባባልን። ለአንድ ቀን ነበር የታሰበው። እኔን ግን ሱስ ሆነብኝና እየለካሁ መሠልጠን ጀመርኩ።

መጀመሪያ የለካነው ሪንጉን ነው። ኮንስትራክሽን ላይ የሚሠራው ጓደኛችን የብረት ሜትሩን ይዞ መጣ፣ አንዱ አንዱን ትከሻው ላይ ተሸከመው፣ ሜትሩን ከሪንጉ የላይኛው ጠርዝ ይዘን ወደ መሬት ለቀቅነው። ደንቡ 3.05 ሜትር ነው። በበሩ በኩል ያለው ሪንግ 2.97 ወጣ። ሜዳው ሲታደስ በአሮጌው ላይ ሌላ ሲሚንቶ ተደርቦበታል፣ ሪንጉም ስንት ሰው ተንጠልጥሎበት ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። ማዶ ያለው ግን 3.04 ነው። ይሄኔ ሁላችንም ዞረን አንድ ሰው አየን። የሜዳችን ብቸኛው ዳንክ አድራጊ፣ ማለትም ዘሎ ኳሷን ከላይ ሪንጉ ውስጥ የሚከታት፣ በማዶው በኩል ሲያጠቃ ሁሌም በሌይአፕ፣ ኳሷን ከሥር ወደ ሪንጉ በመወርወር፣ ነው የሚጨርሰው፣ ሲጠየቅም "ፀሐይዋ ዓይኔን ትወጋኛለች" ይል ነበር። ሰባት ሴንቲ ናት እንግዲህ ፀሐይዋ። ትንሽ ትመስላለች፣ ለዘላይ ግን የወራት ላብ ነች።

ከዚያ ወደ ሰው ዞርን፣ ጭቅጭቁም ጫማ ማውለቅ ላይ ተነሳ። የባስኬት ጫማ ሁለት ሦስት ሴንቲ ይጨምራል። የአሜሪካው የባስኬት ሊግ ኤንቢኤ ራሱ ከ2019 ጀምሮ ነው ክለቦች የተጫዋቾቻቸውን ቁመት ያለ ጫማ ለክተው እንዲያስመዘግቡ ያስገደደው፣ ያኔ ስንቱ ባለ ዝና በአንድ ሌሊት አጠረ። ስለዚህ ባዶ እግር፣ ተረከዝ ግድግዳ ላይ፣ አናት ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ፣ አለቀ። ሰው ቀኑን ቆሞ ሲውል የጀርባው ዲስኮች ስለሚጨመቁ ማታ ላይ ከጠዋቱ አንድ ሴንቲ ገደማ ያጥራል፣ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይለካ። እኔ 1.78 ወጣሁ። በጫማ፣ በፀጉርና በወሬ ደግሞ 1.82።

"ቁመትህን ተወው፣ እጅህን አንሳ" አለኝ ባለ ሜትሩ። እውነቱን ነው፣ ባስኬት በአናት አይጫወቱትም። ቆማችሁ እጃችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉ የጣታችሁ ጫፍ የት ይደርሳል? ዋናው ልክ ይሄ ነው። ከኛ ውስጥ 1.74 የሚረዝም ልጅ አለ፣ 1.68 የሆነች ልጅም አለች። ሁለቱም ቆመው የሚደርሱት እኩል 2.22 ሆነ። እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ስትለካ 1.77 ናት፣ ከቁመቷ ዘጠኝ ሴንቲ ይበልጣል። እሱ በቁመት እየበለጣት ሪባውንዱን፣ ስታ የምትመለሰውን ኳስ፣ ከላዩ ላይ ለምን እንደምትወስድበት ያኔ ገባው። "ታዲያ እጄን ላስቀጥል?" አለ። ሳቅንበት እንጂ መልስ አልነበረንም። እጅ በሥልጠና አይረዝምም፣ የሚሠራው ዝላዩ ላይ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ማጭበርበሪያ አለ፣ ዓይናችሁን አትንቀሉ። የዝላይ ቁጥር የሚገኘው በዝላይ ከተነካው ከፍታ ላይ ቆሞ የሚደረስበት ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ዝላዩ እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ቆሞ ሲለካ ትከሻውን ቀበር ያደርጋል፣ ክርኑን ሸብረክ ያደርጋል፣ በነፃ አምስት ሴንቲ "ይዘላል"። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ትከሻ ጆሮ እስኪነካ ይገፋ፣ ተረከዝ መሬት አይልቀቅ፣ ሌላ ሰው ክርኑን ቀጥ ያድርግለት።

ዝላዩን በጠመኔ ለካነው። ሳርጀንት የሚባል አሜሪካዊ የስፖርት መምህር በ1921 ያሳተመው ፈተና ነው፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ብዙም አልተለወጠም። ጣታችሁን ጠመኔ ትቀባላችሁ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቃችሁ ጎን ለጎን ትቆማላችሁ፣ ትዘላላችሁ፣ አናቱ ላይ ስትደርሱ ግድግዳውን መታ ታደርጋላችሁ። የኛ ግድግዳ ያልተቀባ ሲሚንቶ ስለሆነ ነጩ ጠመኔ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፣ ችግሩ ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ ስንመታ የማን አሻራ የማን እንደሆነ መለየት ነበር፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዝላይ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግን ቀጠልን።

ግድግዳ የሌለው በስልክ ይለካ። ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ እግርን ብቻ ቅረጹ፣ ጣት መሬት ከለቀቀበት ፍሬም መልሶ እስከነካበት ፍሬም ቁጠሩ። በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ላይ 132 ፍሬም ከሆነ 0.55 ሰከንድ አየር ላይ ነበራችሁ ማለት ነው። ሰከንዱን በራሱ አባዙት፣ ያንን በ1.23 አባዙት፣ የዝላይ ከፍታችሁ በሜትር ይወጣል፣ እዚህ ጋ 37 ሴንቲ። በተራው 30 ፍሬም ቪዲዮ አትሞክሩት፣ አንዲት ፍሬም ብትሳሳቱ አራት ሴንቲ ከምናምን ትሄዳለች። ሌላው፣ ስታርፉ ጉልበት አጥፋችሁ ከሆነ አየር ላይ የቆያችሁ ይመስላል። እግር ቀጥ ብሎ እንደተነሳ ቀጥ ብሎ ይረፍ፣ ከነካ በኋላ ይታጠፍ።

የኔ መነሻ ይሄ ነበር፦ ቆሜ 2.32፣ ያለ መንደርደሪያ ዝላይ 46 ሴንቲ፣ በመንደርደር 54። ሲደመር 2.86። ከሪንጉ ኋላ ያለው ቦርድ የታችኛው ጠርዝ በደንቡ 2.90 ላይ ነው፣ ስለዚህ ሪንጉን ትቼ ያንን ጠርዝ ግቤ አደረግኩ። ቁጥር ደስ የሚለው ይሄ ነው። "ዳንክ ላድርግ" ስትሉ የምትመኙት ነገር አለ፣ "አራት ሴንቲ ይጎድለኛል" ስትሉ ግን ሥራ ያዛችሁ።

ከክረምት ማግስት እስከ ጥምቀት ሠራሁበት። አንደኛ ክብደት ማንሳት፣ በተለይ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ እየቀለለኝ ሲሄድ እየጨመርኩ። ሁለተኛ ዝላይ፣ ግን ጥቂት። ሰፈራችን ያሉ ልጆች ዝላይ ለማሳደግ ገመድ እስኪደክማቸው ይዘላሉ፣ እሱ ልብና ሳንባ ነው የሚያሠራው። ከፍታ የሚጨምረው በሙሉ ኃይል የተዘለለ ዝላይ ነው፣ ሙሉ ኃይል ደግሞ ደክሞ አይገኝም፣ ስለዚህ ዘልዬ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጬ ነበር ድጋሚ የምነሳው። ዳር ያሉት "ሰነፍ" ሲሉኝ ነበር። ይበሉ። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር የዕለቱን ዝላይ አቆማለሁ። ያለ መለኪያ ይሄን ማወቅ አይቻልም፣ እግር ሳይደክመው የደከመ፣ ደክሞት ደግሞ ደህና የሆነ መስሎ ያታልላል።

ከሁሉ በርካሽ ያገኘሁት ትርፍ ግን ክንድ ነው። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ስዘል 40፣ እጄን ከኋላ ወደ ላይ ወንጭፌ ስዘል 46። ስድስት ሴንቲ በባዶ! መንደርደሪያው ላይ ደግሞ የመጨረሻው እግር ከመትከሌ በፊት ያለውን እርምጃ ረዘም፣ የመጨረሻውን አጠር ማድረግ፣ ፍጥነቱን ወደ ላይ የሚቀይረው እሱ ነው።

ጉልበት ላይ እንዳትቀልዱ። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፣ እዚያ ላይ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አልዘለልኩም። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ጠዋት ደረጃ ሲወርዱ ቆንጠጥ ካደረገ ዕረፍት እየጠየቀ ነው። ሁዳዴ ሲገባም የዝላዩን ሥራ ቀነስኩት። ጾም ላይ ሽሮውንና ምስሩን በርከት አድርጎ መብላት ይቻላል፣ ግን እስከ ከሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ በባዶ ሆድ ከባድ ስኳት ለኔ አልሄደልኝም። ያገኘሁት እንዳይጠፋ ብቻ ቀለል አድርጌ ያዝኩት።

ውጤቱ? በመንደርደር 61። 2.32 ሲደመርበት 2.93፣ ቦርዱን በሦስት ሴንቲ አለፍኩት። ሪንጉ፣ ያው የተጎነበሰው እንኳ፣ አሁንም አይነካም። ለማነጻጸር ያህል ኪዮን ጆንሰን የተባለ ተጫዋች በ2021 የኤንቢኤ ምልመላ ልኬት ላይ በመንደርደር 48 ኢንች ዘሏል፣ ወደ 122 ሴንቲ፣ የእኔን ሁለት እጥፍ። በዚያው ሊግ ደግሞ በዝላይ የማይታማው፣ ማለትም የማይዘለው፣ ኒኮላ ዮኪች በ2021፣ በ2022 እና በ2024 ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ስለዚህ ሰባት ሴንቲ ጨምሬ ኮከብ ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። የተለወጠው የት እንደምቆም ነው። ከኔ እጁ የሚረዝመው ማን እንደሆነ በቁጥር ስለማውቅ እሱን ቀድሜ በጀርባዬ አግጄ ነው የምይዘው፣ ዝላይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን መለካት የጀመርነው ሁለተኛውን ዝላይ ነው። ሪባውንድ ላይ ኳሷ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዝላይ አትያዝም፣ ጣት ነክቷት ትነጥራለች፣ መልሶ ቶሎ የተነሳው ነው የሚወስዳት። ዘዴው ያው የስልኩ ነው፦ ሁለቴ አከታትሎ መዝለል፣ መሐል ላይ እግር መሬት ላይ የቆየበትን ፍሬም መቁጠር፣ የሁለተኛውን ከፍታ ከመጀመሪያው ጋር ማነጻጸር። እስካሁን ባለው አጭር የምትቆየውም ብዙ የማትወርደውም ያቺው 1.68ቷ ናት፣ ቀሪዎቹን የፊታችን ቅዳሜ እንለካለን።