እማዬ እና ባለቀለበቱ

ዛሬ ጅማ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። መውጫ ስናጣ ከወንድሜ ጋር በፈረንጆቹ 2001 የወጣውን የመጀመሪያውን ‹የቀለበቶቹ ጌታ› ፊልም በላፕቶፕ ከፈትን። ስክሪኑ ገና ጥቁር እያለ የሴት ድምፅ ይጀምራል፤ የኤልፎቹ እመቤት ጋላድሪኤል ናት። ቀለበቱ እንዴት ተሠራ፣ ማን ወሰደው፣ የት ጠፋ… የሺህ ዓመታት ታሪክ ቡናው ሳይፈላ አለቀ!

ፊልሙ የተሠራበት የቶልኪን መጽሐፍ እንዲህ አይቸኩልም። መግቢያው በአብዛኛው ሆቢቶች ስለሚባሉት ድንክዬ ሕዝቦች ነው፤ የሚያጨሱት ቅጠል ሳይቀር። የቀለበቱን ጉድ ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ምድጃው እየነደደ፣ ቀለበቱን ለወረሰው ሆቢት ለፍሮዶ ይነግረዋል። ስለዚህ አንባቢው ከፍሮዶ ጋር እኩል ይደነግጣል። ፊልሙ ላይ ግን እኛ ቀድመን አውቀናል፤ እሱ ነው የዋሁ። ለፊልም ያዋጣል፣ አልክድም። እኔ ግን ያቺ ድንጋጤ ትናፍቀኛለች።

እማዬ ጀበናዋን ይዛ መጣችና ቆማ አየች። ቀለበቱን የሠራው ክፉው ሳውሮን ቀለበቱን ያደረገበት ጣቱ ተቆርጦ ሲፈርስ፣ “በአንድ ጣት ነው እንዲህ የሆነው?” አለች። ቀለበቱ ወንዝ ገባ። ትንሽ ቆይቶ የሆቢቶቹ አረንጓዴ መንደር ሲመጣ ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

“እማዬ፣ ተቀመጪ እንጂ!”

“ሰውዬው ሞተ፣ ቀለበቱም ጠፋ። ሌላ ምን ቀረ?”