ነፃ የፎሬክስ ዳታ ይታመናል ወይ? እኔ የፈተሽኩበት መንገድ

እዚህ ደብረ ብርሃን ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ግብይት) ከሚማሩ ልጆች ጋር ስንገናኝ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፣ ስትራቴጂ ባክቴስት ማድረግ (ባለፈው ዋጋ ላይ መሞከር) እንፈልጋለን ግን ጥሩ የሚባለው ዳታ በዶላር ነው የሚሸጠው፣ ነፃው ደሞ ይታመናል ወይ? እኔ የዩሮ ዶላርን የደቂቃ ዳታ (በየደቂቃው የተመዘገበ ዋጋ) ከሁለት ቦታ አውርጄ ጎን ለጎን እያረኩ ነው የፈተሽኩት።

መጀመሪያ ይቺን ያዙ፣ ፎሬክስ አንድ ማእከላዊ ገበያ የለውም፣ ባንኩም ብሮከሩም (አገበያዩ ድርጅት) የየራሱን ዋጋ ነው የሚሰጠው፣ የኛና የሸዋ ሮቢት ገበያ የጤፍ ዋጋ በአንድ ቀን እኩል እንደማይሆነው ማለት ነው። ስለዚ ሁለት ፋይል በትንሽ ፒፕ (የዋጋ ለውጥ ትንሿ መለኪያ) ቢለያይ አንዱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። እኔ የምፈራው የሰዓት መዛባትን፣ የጠፋ ደቂቃንና ሰው ነካክቶ ያስተካከለውን ዋጋ ነው።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ቆየሁ። ዳታ በነፃ ከሚወርድባቸው ውስጥ የዱካስኮፒ (የስዊዝ ባንክ ነው) በጂኤምቲ ነው፣ የሂስትዳታ ድረ ገጽ ከጂኤምቲ 5 ሰዓት ወደኋላ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም፣ ከሜታትሬደር (ከመገበያያው ሶፍትዌር) የምታወርዱት ደሞ በብሮከሩ ሰርቨር ሰዓት ነው የሚመጣው። በምን ታረጋግጣለህ ካላችሁ በኤንኤፍፒ፣ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያው አርብ ይወጣል፣ በኛ ሰዓት ሐምሌ ላይ ከቀኑ 9:30፣ ጥር ላይ ከቀኑ 10:30። ትልቁ ካንድል (የአንድ ጊዜ ክፍልፋይ የዋጋ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምልክት) እዛች ደቂቃ ላይ መቆሙን አያለሁ፣ የሐምሌውንም የጥሩንም፣ አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው በ1 ሰዓት ከተንሸራተተ ፈረንጆቹ በበጋና በክረምት የሚያደርጉት የሰዓት ለውጥ አልተስተካከለም ማለት ነው። በፈረንጆቹ ማርች ላይ ደሞ አሜሪካ በሁለተኛው እሁድ ስትቀይር አውሮፓ እስከ መጨረሻው እሁድ ትቆያለች፣ የለንደን መክፈቻ ላይ የሚሠራ ስትራቴጂ ያላችሁ እነዚህን ሳምንታት ለብቻ እዩዋቸው።

ቀጥሎ መልሱን ቀድሜ የማውቃቸውን ቀኖች ከፈትኩ። ጃንዋሪ 15፣ 2015 የስዊዝ ብሔራዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ያስቀመጠውን ወለል ያነሳበት ቀን ነው። ኦክቶበር 7፣ 2016 ፓውንድ በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከ1.26 ዶላር አካባቢ በደቂቃዎች የወደቀበት ነው። የነዚህ ቀኖች ዝቅተኛ ዋጋ ከቦታ ቦታ በጣም ቢለያይ አይገርመኝም፣ ሻጭም ገዢም የጠፋበት ሰዓት ነበር። ለስላሳ መስመር ካየሁ ወይ ደቂቃዎቹ ጭራሽ ከሌሉ ግን ፋይሉን አልፈዋለሁ፣ አካውንት የሚጨርሰውን ቀን የደበቀ ዳታ ስትራቴጂያችሁን ከእውነቱ በላይ ጀግና ያስመስለዋል።

ታሪኩ በጣም ረጅም የሆነም ይጠርጠር። ዩሮ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከ1970ዎቹ የሚነሳ የዩሮ ዶላር ፋይል የፊቱ ክፍል ከጀርመን ማርክ ምናምን የተሰላ እንጂ የተገበያየ ዋጋ አይደለም። የአውሮፓ ማእከላዊ ባንክ በየሥራ ቀኑ የሚያወጣው ሪፈረንስ ዋጋ ደሞ በነፃ አለ፣ በፋይላችሁ የዛ ቀን ሃይና ሎው (ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ) መሀል ካልወደቀ ችግር አለ።

የብር ዳታ ለምትፈልጉ፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22፣ 2016 ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘሏል፣ ጥቅምት 1፣ 2010 ደሞ ብር በ15 በመቶ እንዲወርድ ተደርጎ ነበር። እነዚህ ሁለት ደረጃዎች በቀናቸው ቁልጭ ብለው ካልታዩ ያ ፋይል በግምት የተሞላ ነው። ቢታዩም የባንክ ዋጋ ብቻ ነው፣ የጥቁር ገበያው እዛ ውስጥ የለም።

ሌላው ቢድ (ስትሸጡ የምታገኙት ዋጋ) ነው። አብዛኛው ነፃ የደቂቃ ዳታ ቢድ ብቻ ነው የሚይዘው፣ አስክ (ስትገዙ የምትከፍሉት) የለውም፣ ስፕሬዱን (የሁለቱን ልዩነት) እናንተ ገምታችሁ ነው የምትጨምሩት። በኛ እኩለ ሌሊት አካባቢ የኒውዮርክ ቀን ሲዘጋ ስፕሬድ በጣም ይሰፋል፣ ቋሚ 1 ፒፕ አድርጎ የሞከረ ሰው ያንን አያየውም። ሜታትሬደር ላይ ቮልዩም የሚለው ኮለምም ብዙ ጊዜ ዋጋው ስንቴ እንደተቀየረ ነው የሚቆጥረው፣ የተገበያየ ገንዘብ አይደለም።

አሁን የ4 ሰዓትና የቀን ካንድል ላይ ለምሞክረው ነፃውን ያለ ስጋት እጠቀማለሁ። ስካልፒንግ (በደቂቃዎች ገብቶ መውጣት) ከሆነ ግን ቢድና አስክ አብሮ ያለበትን የቲክ ዳታ (እያንዳንዱን የዋጋ ለውጥ የያዘ) ነው የማወርደው፣ ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ሌሊት ኔት ሲፈጥን በየወሩ እየቆረጥኩ፣ እና ያወረድኩትን ኦሪጅናል ሳልነካ አስቀምጬ በኮፒው ነው የምሠራው።